ከኅዳጉ የተገኘው ቋንቋ

ሄንሪ ብራድሾው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የብራና መጻሕፍትን ሲመረምር አንዲት ትንሽ የላቲን ወንጌል እጁ ገባች። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1857 ነው። መጽሐፏ 86 ቅጠል ብቻ ናት፤ የዮሐንስ ወንጌል ሙሉ ሲሆን የሦስቱ ግን መጀመሪያቸው ብቻ ተጽፏል። በ10ኛው መቶ ዘመን ገደማ የጻፋት ሰው ላቲን የተካነ አልነበረም፤ ስሕተቱ ብዙ ነው። ንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊ በ1715 የጳጳሱን የጆን ሙርን መጻሕፍት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ አብራ ገብታ፣ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ልብ ያላት አልነበረም።

ብራድሾውን ያስደነቀው ወንጌሉ ሳይሆን ኅዳጉ ነው። በባዶ ቦታዎቹ ላይ፣ በሌሎች እጆች፣ በጌሊክ ቋንቋ የተጻፈ ነገር አለ።

ምን ይላል? በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ለሚገኘው ለዲር ገዳም መሬት ማን እንደ ሰጠ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ግን በታሪክ ይጀምራል። ቅዱስ ኮሉምባና ደቀ መዝሙሩ ድሮስታን ከአዮና ደሴት መጡ። የቡካን ገዥ ቤዴ አበርዱር የተባለውን ቦታ ሰጣቸው። ዲርንም ሲለምኑት እንቢ አለ። ወዲያው ልጁ በጽኑ ታመመ፤ ገዥው ጸሎት ለመነ፤ ልጁ ዳነ፤ ዲርም ተሰጠ። ሁለቱ ቅዱሳን ሲለያዩ ድሮስታን አለቀሰ፤ ኮሉምባም የቦታው ስም ከእንባው ይውጣ አለ፤ እንባ በጌሊክ «ዴራ» ነውና።

ይህ ሁሉ የተጻፈው በ12ኛው መቶ ዘመን፣ ኮሉምባ ከሞተ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ለቤዴ ታሪክ ምስክር አይሆንም። መነኮሳቱን ያስጨነቃቸው መሬታቸው ነበር፤ የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳዊት ቀዳማዊም ከዓለማዊ አገልግሎት ነፃ ያወጣቸው ደብዳቤ በላቲን እዚያው ሰፍሯል። ርስትና ጉልት በወንጌል ኅዳግ ሲመዘገብ ለኖረበት ለእኛ አገር አንባቢ በወንጌል ላይ የጻፉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ማን ደፍሮ ይፍቃል?

ሊቁ ኬኔት ጃክሰን በ1970 ስለ እነዚህ የኅዳግ ማስታወሻዎች ንግግር አደረገ፤ በ1972ም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከስኮትላንድ ከተረፉት የጌሊክ ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊው ይህ የመሬት መዝገብ ነው።

የቀረው ጥያቄ የመነኮሳቱ የቀድሞ ገዳም የት ነበር የሚለው ነበር። በ1219 ከተመሠረተው ከኋለኛው ገዳም ፍርስራሽ አጠገብ በ2022 ሲቆፈር የምሰሶ ጉድጓዶችና ከሰል ተገኙ። የከሰሉ ዕድሜ ማስታወሻዎቹ ከተጻፉበት ዘመን ጋር ገጠመ፤ ቆፋሪዎቹም በ2023 ገዳሙን ሳናገኘው አልቀረንም አሉ። በዚያው በ2022 መጽሐፏ በውሰት ወደ አበርዲን ሄዳ ለሕዝብ ታይታ ነበር።

ዛሬ ገጾቿ በሙሉ በካምብሪጅ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለማንም ክፍት ናቸው። ስትከፍቷት ከኅዳጉ ጀምሩ።