ፈረስ ያለው ዕድር

በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ወጣቶች ተሰባስበው ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች አልነበራቸውም። ከአራት ዓመት በኋላ በጎጃም፣ በአገው ምድር፣ ሌላ ማኅበር ተመሠረተ። የዚህኛው ተጫዋቾች ግን ዛሬም ደመወዝ አያውቁም፤ ፈረሳቸውንም የሚቀልቡት ከራሳቸው ጎተራ ነው። የአራዳውን ቡድን ታሪክ አገር ያውቀዋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን ግን ብዙ ሰው የሚያየው በዓመት አንዴ፣ ጥር 23 ቀን፣ ከእንጅባራ ከተማ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ዜና ነው። በእኔ ግምት ያ ቀን ከማኅበሩ ሥራ ትንሹ ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል፦ ጣሊያን ገና አልወጣም። ጎጃም ውስጥ አርበኞች በየጫካው ናቸው፤ የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከነቡድኑ ወደ ጎጃም የገባው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፤ የጠላት ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የወጣው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ፈረሰኞች» ተብሎ መደራጀት ለመዝናናት ብቻ ነበር ማለት ይከብደኛል። ማኅበሩ ራሱ ሲናገርም መነሻው በአድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ማክበር ነው። የአድዋ ድል የካቲት 23፣ የማኅበሩ በዓል ጥር 23፤ ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት ናቸው። በፈረስ ተቀምጦ የሚሣለው ሰማዕት ለፈረሰኛ ከዚህ የተሻለ ቀን አይሰጠውም።

አድዋ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ሠራዊት እንደነበረ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን የጦር አለቃ ይጠራ የነበረው በፈረሱ ስም ነው፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ መኮንን «አባ ቃኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ»። ከባለቤቱ ስም ይልቅ የፈረሱ ስም የሚገንበት አገር ለፈረስ ማኅበር ቢያቋቁም አይገርምም።

የሚገርመው ማኅበሩ እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፈረስ ከጦር ሜዳ ወጣ፤ መኪናም መጣ። አገው ምድር ግን ፈረሱን አልጣለም። እንጅባራና ባንጃ ደጋ ናቸው፤ ብርዱ ጠንካራ፣ ዝናቡ ረጅም፣ ሣሩ ለምለም ነው። በክረምት ጭቃው መኪና በሚውጥበት መንገድ ከግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ቀበሌዎች ገበያ የሚደርሰው፣ ሽማግሌ የሚያመላልሰው፣ ታማሚም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ፈረስ ነው። በከተሞቹ ጋሪ ይጎትታል። በሌላው አገር እምብዛም የማይታየው ደግሞ ይኸውና፦ በአገው ምድር ደጋ ፈረስ ቀንበር ተጭኖ ያርሳል። ጥር ላይ ግላስ ለብሶ የሚንቀባረረው ፈረስ ሰኔ ላይ ማረሻ እየጎተተ ሊታይ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ማኅበሩ ከስፖርት ክለብ የሚለየው። አባል ሲሞት ፈረሰኞች ይጠራራሉ፤ የሟች ፈረስ ተሸልሞ ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ ያለ ፈረሰኛ የሚቀበር አባወራ ቤተሰቡ እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። ሁለት ቤተሰቦች በድንበር ወይም በደም ሲጣሉ ሽማግሌ ሆነው የሚገቡት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ፈረስ ይዞ የመጣ ሽማግሌ እግረኛ እንደሆነው አይመለስም ይባላል፤ ክብሩም ይከብዳል፣ ለመመለስም ያስቸግራል። ማኅበሩ ከቀበሌ እስከ ዞን የተዘረጋ ነው፤ ለዓመታት በሊቀመንበርነት የመሩት አለቃ ጥላዬ አየነው ናቸው፤ የአባላቱ ቁጥርም ከ60 ሺህ በላይ እንደሆነ ይነገራል። የትኛውም የአገራችን የእግር ኳስ ክለብ ይህን ያህል መዋጮ ከፋይ አባል ቢያገኝ ስፖንሰር ፍለጋ ደጅ ባልጠና ነበር።

አሁን ወደ ጥር 23ቱ የበዓል ሜዳ እንሂድ። ፈረሱ ከግንባሩ እስከ ደረቱ በቀይና በቢጫ ዘርፍ ያጌጣል፤ ኮርቻው እንጨት ሆኖ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ በጥንቱ እርካብ የሚገባው የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው። ይህች አውራ ጣት ቀላል አይደለችም፦ ፈረሰኛው ጎንበስ ብሎ ሲሸሽ ሚዛኑን የሚጠብቀው በእሷ ነው። የበዓሉ የፈረስ ጨዋታ፣ ጉግስ፣ የሚካሄደው በሁለት ወገን ነው። አንዱ ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፤ ተሳዳጁ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ያመልጣል፤ አሳዳጁ ከነግልቢያው ይወረውራል፤ ተሳዳጁም ወይ በጋሻ ይመክታል ወይ በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል፤ ያባረረው ይሸሻል። በቴሌቪዥን የማይሰማው ነገር ድምፁ ነው፤ መሬቱ ሲርድ መጀመሪያ የሚያውቀው እግር ነው፣ ጆሮ ቀጥሎ ይሰማል።

በዓሉ ላይ «ሰባቱ ቤት አገው» የሚባሉት ይገናኛሉ፦ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ ጫራና መተከል። ትውፊቱ ሰባት ወንድማማቾችን ያነሳል። የአንከሻ ፈረሰኛ መነሻው ግምጃ ቤት ነው፤ በፈረስ የሚመጣ ሰው ፈረሱን አሳርፎ ማጫወት ስላለበት እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ጠዋት ተነስቶ አይደርስም። ስለዚህ ጥር 22 ማታ እንጅባራ ውስጥ ከሰው አልጋ ይልቅ የፈረስ ማደሪያ ያሳስባል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ግቢ ያስራል።

80ኛው በዓል በ2012 ዓ.ም. ተከብሯል። አሁን ግን ማኅበሩ ፈተና ገጥሞታል። ባጃጅ ጋሪውን ከከተማ እየገፋ ነው፤ የግጦሽ መሬቱ ለከሰል በሚተከል ዛፍ ተይዟል፤ ባለ ሦስት ጥማድ ወጣት ፈረስ ከማርባት ሞተር ሳይክል መግዛት ይቀለዋል። ወጣቱን አልፈርድበትም፤ ፈረስ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ይበላል። ማኅበሩን ለማቆየት የሚጨነቅ ሰው ግን ከበዓሉ ድንኳን በፊት ስለ ግጦሹና ስለ እንስሳት ሐኪሙ ቢያስብ ይሻላል።

ለማየት የምትሄዱ ከሜዳው ጫፍ ራቁ። በጉግስ የሚጋልብ ፈረስ ለመቆም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ፎቶ ለማንሳት ወደ ፊት የወጣ እንግዳ ደግሞ ፈረሰኞቹን በጣም ያናድዳቸዋል።