«ባለበት ሁኔታ» ተሽጦ ጉድለት ሲገኝበት ኪሳራው የማን ነው?
ያገለገለ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው መብቱን የሚያጣው በአብዛኛው በዝምታና በመዘግየት ነው

ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገበያ ከብዙ ገበያዎች የሚለየው ሻጩ የሚያውቀውን ያህል ገዢው ስለማያውቅ ነው። ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ እህሉን ዘግኖ ያያል፤ ጨርቅ የሚገዛም ዳስሶ ይለያል። በሞተር ብስክሌት ግን ዋናው ገንዘብ ያለው ዓይን በማያየው ክፍል፣ በፒስተኑ፣ በፋሻው፣ በፍሪሲዮኑና በካምቢዮው ውስጥ ነው። ያለቀ ሞተር ወፍራም ዘይት ከተጨመረበት ለጥቂት ቀናት ጭሱ ቀንሶ፣ ድምፁም ለስልሶ ሊሠራ ይችላል። ጉድለቱ ብቅ የሚለው ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ችግር ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርገው አስረድተዋል። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚያቀርበው አማካይ ዋጋ ነው። የደህናው ባለቤት በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎው ይለቀቃል። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ዘርፍ ባበረከቱት ሥራ ነው።

ከዚህ አንጻር ሻጭ ለጉድለት ኃላፊ መሆኑ ለገዢው የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም። ደህና ዕቃ ይዞ ደህና ዋጋ ለሚጠይቅ ነጋዴም መለያው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎቹ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት፣ ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ከጎደለው ሻጩ ይጠየቃል። እንደ ሁኔታው ገዢው የዋጋ ቅናሽ ወይም ኪሳራ መጠየቅ፣ ጉድለቱ ከባድ ሲሆንም ውሉ እንዲፈርስ ማድረግ ይችላል።

ሆኖም ዋስትናው ወሰን አለው። ዓመታት የሠራ ሞተር ብስክሌት የጎማው መበላትና የካቴናው መላላት የዕድሜው ነገር ነው። ገዢው ሲዋዋል የሚያውቀው ወይም ማንም ሊያየው የሚችለው ግልጽ ጉድለትም ሻጩን አያስጠይቅም። ለክርክር የሚቀረው የተሰወረውና ዕቃው ለገዢው በተላለፈበት ጊዜ የነበረው ጉድለት ነው።

በብዙ የሽያጭ ውሎች ላይ የሚጻፈው «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ሐረግ ብዙ ገዢዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። ሐረጉ የሻጩን ኃላፊነት ሊያጠብለት ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ፣ እንዲህ ያለው የውል ቃል መሸሸጊያ አይሆነውም። አስቸጋሪው ነገር ማወቁን ማስረዳት ነው።

ጊዜ ገንዘብ ነው

ገዢዎች በብዛት የሚሸነፉት በዚህ ነው። ሕጉ ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። በቁጥር 2298 መሠረት ደግሞ ክሱ ማስታወቂያው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በሻጩ ተንኮል ምክንያት ሳይከስ የቀረ ካልሆነ በቀር መብቱ ይቀራል።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ገዢው ስልክ ይደውላል፤ ነጋዴው «አምጣው እናየዋለን» ይላል፤ ሳምንቱ በቀጠሮ ያልፋል። በመጨረሻም ገዢው ሞተሩን በራሱ መካኒክ አስፈትቶ ካሠራ በኋላ ሒሳቡን ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ማስረጃው ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል፤ ነጋዴውም «ያበላሸው ያንተ መካኒክ ነው» ለማለት መንገድ ያገኛል። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ጉድለቱን በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ነጋዴው ባለበት ማስመርመርና የመካኒኩን ግኝት ፊርማና ቀን ባለው ወረቀት መያዝ ከጥገናው ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም።

በውል ላይ የተቀነሰ ዋጋ

ለታክስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ በገበያው የታወቀ ነገር ነው። አደጋው ግን በብዛት አይታሰብም። አንድ ሰው ዕቃ ለማመላለስ ሞተር ብስክሌት በ100,000 ብር ገዛ፣ በውሉ ላይ ግን 40,000 ብር ተጻፈ እንበል። ሞተሩን ለማደስ 25,000 ብር ቢጠየቅና በቀን 600 ብር የተጣራ ገቢ የሚያስገኝለት ሥራ ለ20 ቀናት ቢቆምበት 12,000 ብር ይጨመራል። የዕቃው እውነተኛ ዋጋ 137,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ውሉ ይፍረስልኝ ቢል ግን በእጁ ያለው ሰነድ የሚናገረው 40,000 ብር ብቻ ነው። በጽሑፍ ያለን ውል በምስክር ማስተባበል እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በታክስ «የተረፈው» ገንዘብ በሌላ በኩል ዋናውን ካፒታል ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በተለምዶ ውልና ማስረጃ የሚባለው መሥሪያ ቤት ማኅተም ማድረጉም ስለ ዕቃው ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም። መሥሪያ ቤቱ የተዋዋዮችን ማንነት፣ ፊርማቸውንና የባለቤትነት ሰነዱን እንጂ ፒስተኑን አይመረምርም። ቦሎም ቢሆን ምርመራው በተደረገበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ብቻ ያሳያል። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከዕቃው ጋር ማመሳከር የገዢው ሥራ ነው።

ደላላውና ነጋዴው

ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል እንጂ ለጉድለቱ ዋስ አይደለም። «እኔ አለሁልህ» የሚለው ቃሉ ዋጋ የሚኖረው በዋስነት ከፈረመ ብቻ ነው። ቢሆንም ጉድለት ያለበትን ዕቃ እያወቀ የሚያሻሻጥ ደላላ የሚያገኘው የአንድ ቀን ኮሚሽን ነው፤ የሚያጣው ግን ተመላልሶ የሚመጣውን ደንበኛ ነው።

ለነጋዴውም ሒሳቡ ከዚህ ብዙ አይለይም። ለሞተርና ለካምቢዮ የአንድ ወር ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥ መደብር አልፎ አልፎ የጥገና ወጪ ይደርስበታል። ይህን ወጪ በመሸጫ ዋጋው ላይ አስቦ ሊጨምረው ይችላል፤ ገዢውም ከሥጋት ስለሚድን ልዩነቱን የሚከፍልበት ምክንያት አለው። የታወቁ ጉድለቶችን በውሉ ላይ ዘርዝሮ መጻፍም ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ነጋዴውን ነው፤ ገዢው አውቆ የገዛውን ጉድለት ኋላ ክርክር ሊያነሳበት አይችልምና።

ስምምነት ላይ ከተደረሰም ስምምነቱ በወረቀት መስፈር ይኖርበታል። ማን ያሠራል፣ በየትኛው ጋራዥ፣ እስከ መቼ፣ ካልተሠራስ ስንት ብር ይመለሳል የሚሉት ነጥቦች ተለይተው ካልተጻፉ አንዱ ጭቅጭቅ በሌላ ይተካል። የአንድ ዓመቱ ጊዜ ግን የጋራዥ ቀጠሮ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም።