ወታደራዊ ዳኛ

ወታደራዊ ዳኛ የሠራዊቱ አባላት የተከሰሱባቸውን ወታደራዊ ወንጀሎች መርምሮ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ነው። በብዙ አገሮች ዳኛው ራሱ ማዕረግ ያለው መኮንን ስለሆነ፣ ከአዛዦች ነፃ ሆኖ መፍረድ የሙያው ዋና ፈተና ነው።

የሙያው መንገድ

ወታደራዊ የሕግ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ሕግ ተምሮ አዛዦችን በማማከር ይጀምራል፤ ከዚያም ዐቃቤ ሕግ ወይም ተከላካይ ጠበቃ ሆኖ ይሠራል። ልምድ ሲያካብት ለዳኝነት ሊመረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ አዛዦች የሕግ አማካሪ እንዲኖራቸው ያዝዛል (አንቀጽ 82)።

ፍርድ ቤቶቹ በኢትዮጵያ

ጉዳዩ መጀመሪያ በቀዳሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይታያል። ቅር የተሰኘ ወገን ወደ ይግባኝ ሰሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማንኛውንም የመጨረሻ ውሳኔ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰበር ማረም ይችላል (ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 80)። ወታደራዊ ወንጀሎቹ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተዘረዘሩ ሲሆን፣ ከነዚህም መካከል ኩብለላ (ከሠራዊቱ ከድቶ መጥፋት) እና ትእዛዝ አለመፈጸም ይገኛሉ።

ታሪክ

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ። ይህ ፍርድ ቤት ሲቪሎችንም ይዳኝ ነበር፤ ውሳኔውም ይግባኝ አልነበረውም። ሆኖም በዚያው ወር፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች የትኛውም ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ የተከሰሱት ጄኔራሎች ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወታደራዊ ችሎት ታይቷል። ከእነርሱም አሥራ ሁለቱ በግንቦት 1982 ዓ.ም. በሞት ተቀጥተዋል።

የነፃነት ጥያቄ

የብሪታንያ ወታደር የነበረው ፊንድሌይ ያቀረበው ክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍርድ ቤቱን የጠራው መኮንን የዳኝነቱን አባላትም ዐቃቤ ሕጉንም ይሰይም ነበር፤ አባላቱ በማዕረግ ከእርሱ በታች ነበሩ፤ ፍርዱንም የሚያጸድቀው እርሱ ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ችሎት ነፃና ገለልተኛ አይደለም ሲል ወሰነ።

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመሩ ይደነግጋል (አንቀጽ 79)። የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚወስድና የተደነገገውን የዳኝነት ሥርዓት የማይከተል ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋምም ይከለክላል (አንቀጽ 78)። በ1967 ዓ.ም. እንደተቋቋመው ዓይነት ፍርድ ቤት ዛሬ ቢቋቋም ይህን ክልከላ ይጥሳል።