ለዘር የሚቀረው አውራ ዶሮ

በዓል ሲቃረብ ከመንጋው ቀድሞ የሚሸጠው ትልቁና ቀይ ላባው አውራ ዶሮ ነው፤ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያልፈለገው ይሆናል። ስሌቱ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት ዶሮ የምታወርሰው ለራሷ ጫጩቶች ብቻ ሲሆን፣ አሥር ሴቶችን የሚያጠቃ አውራ ግን በግቢው ለሚፈለፈለው ሁሉ ግማሹን ዘር ይሰጣል። ስለዚህ እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ ምርጫው ከገበያው መቅደም አለበት፤ የእኔ ምርጫ አንገተ መላጣው ነው። ዶሮ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክና ላባ ባልሸፈነው ቆዳዋ ነው። አንገት የሚያራቁተው ዘረ መል የሌላውንም አካል ላባ ያሳሳል፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። እናቶቹ የሳሶ፣ የቦቫንስ ወይም የሐበሻ ዝርያ ቢሆኑም በአማካይ ቢያንስ ግማሾቹ ጫጩቶች መላጣ ይሆናሉ።

«የሳሶ አውራ በኪሎ ይበልጣል» ይባላል፤ እውነት ነው። ሆኖም ሳሶ ራሱ ድቅል ስለሆነ ልጆቹ ቁመናውን እኩል አይደግሙም፤ የሴቶቹ የመታቀፍ ጠባይም ሊደክም ይችላል። መፈልፈያ ማሽን በሌለበት ቤት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። (ለሥጋ ብቻ ከሚያረባ ሰው ጋር አልከራከርም።) «ገዢ መላጣ አይወድም» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ መላጣ ወንዶቹን ዋጋ ሊያሳጣቸው ይችላልና። ነገር ግን ሴቶቹ ለእንቁላል ይቆያሉ፣ ላባቸው የሞላ ወንድሞቻቸው ለበዓል ይሄዳሉ።

አንገቱ ብቻውን አይበቃም፤ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ የጠራ፣ እናቱም ጫጩት በደንብ ያሳደገች ትሁን። ሴት ልጆቹ እንቁላል ሊጥሉ ሲቃረቡ ከሌላ መንደር አውራ ጋር ይለወጥ፤ ፈንግል እንዳይገባ አዲሱ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ ከገባ ግን ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነውና፣ ተስማምቶ አንዱን በጋራ መያዝ ይቀላል።