ምርምር ለመጀመር ማስተርስ አይጠበቅም

የባዮሎጂና የዕፅዋት ሳይንስ ተመራቂ ተማሪዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ምርምር ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ማስተርስ መያዝ አለብኝ?» የለባችሁም። በሰብል ማሻሻያ ሥራዬ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መረጃ ሲሰበስብ ማየት የተለመደ ነው።

1. ቦታውን ምረጡ። ከግብርና ምርምር ማዕከላት ደብረ ዘይት በጤፍና በሽምብራ፣ ቁሉምሳ በስንዴ፣ ጅማ በቡና፣ መልካሳ በቦሎቄ ይታወቃሉ። ላብራቶሪ ለሚወድ አዲስ አበባ ላይ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ፤ ከሥጋ ደዌ ተነሥቶ ዛሬ ቲቢንም ያጠናል።

2. የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ተጠቀሙበት። በአማካሪያችሁ ፕሮጀክት ውስጥ አንዲት ጥያቄ መውሰድ፣ ለብቻ መሬትና ዘር ከመፈለግ ይቀላል።

3. ኤክስቴንሽንን አትናቁ። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ወጥቶ ገበሬው አዲሱን ዝርያ ለምን እንደተወው መጠየቅ ራሱ ምርምር ነው። በተቃራኒው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የተወደደው ምርታማነትን ገበያው ከሚፈልገው ነጭ ፍሬ ጋር ስላጣመረ ነው።

4. ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ምን መሥራት እንደምትፈልጉ በአንድ ገጽ ጻፉ። ሥራው ብዙ ጊዜ ክፍያ ስለሌለው የማረፊያውን ነገር ቀድማችሁ አጣሩ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ የትምህርት ክፍላችሁንና ዓመታችሁን ጠቅሳችሁ ከታች ጻፉልኝ።