ኤክስካቫተር ያለ ኦፕሬተር እንዲሠራ ማድረግን የሚያከብደው ምንድን ነው?

ልምድ ያለው የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሌቨሩን በጥቂቱ ሲነካው የማሽኑ ክንድ ወዲያው ላይንቀሳቀስ እንደሚችል ያውቃል። ክንዱ ከየት ጀምሮ እንደሚታዘዝ እጁ ለምዶታል። ኮምፒውተር በቦታው ሲተካ ግን ይህ የእጅ ልምድ ተለክቶ በሶፍትዌር መጻፍ ይኖርበታል።

ጉዳዩ በቤተ ሙከራ የተወሰነ አይደለም። በስዊዘርላንድ የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ኤክስካቫተር 6 ሜትር ከፍታና 65 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ካብ መገንባቱን በአውሮፓውያኑ 2023 ይፋ አድርገዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ከጉልበት በተጨማሪ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

ክንዱ ለምን ዝም ይላል?

የሃይድሮሊክ ክንድ የሚንቀሳቀሰው በግፊት በሚገፋ ዘይት ነው። የዘይቱን ፍሰት የሚቆጣጠረው ቫልቭ በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ዘንግ አለው። በብዙ ቫልቮች የዘንጉ መዝጊያ ከዘይት ማሳለፊያው ቀዳዳ ጥቂት እንዲሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ይህም ዘይት እንዳያመልጥና የተነሣው ሸክም ቀስ በቀስ እንዳይወርድ ይረዳል።

ጥቅሙ ግን ዋጋ አለው። ዘንጉ ትርፉን ሽፋን እስኪያልፍ ድረስ ለትዕዛዙ ምላሽ አይገኝም። ኮምፒውተሩ ክንዱ እንዳልተንቀሳቀሰ ሲያይ ትዕዛዙን ያጠነክራል፤ ዘይቱ ሲለቀቅ ክንዱ ከታለመለት ቦታ ያልፋል። ለመመለስ ሲሞክርም ያንኑ ምላሽ አልባ ክልል በተቃራኒው አቅጣጫ ያገኘዋል። ውጤቱ ማባሪያ የሌለው መወዛወዝ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

መሐንዲሶች ትዕዛዙን ቀስ በቀስ እየጨመሩ እንቅስቃሴ የሚጀመርበትን ነጥብ በሁለቱም አቅጣጫ ይለካሉ። ከዚያም ሶፍትዌሩ ክልሉን ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ለምሳሌ እስከ 10 በመቶ ድረስ ዝም ለሚል ቫልቭ የ2 በመቶ ትዕዛዝ ሲሰጥ፣ ሶፍትዌሩ ወደ 12 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎ ይልከዋል።

ሆኖም ማካካሻው ከልክ ካለፈ ሌላ ችግር ይወልዳል። ዜሮ አካባቢ የሚፈጠር ትንሽ የሴንሰር ስህተት እንኳ ቫልቩን ከወዲያ ወዲህ ያስፈነጥረዋል፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ማካካሻው ከተለካው ጥቂት ያነሰ፣ ሽግግሩም ለስላሳ እንዲሆን ይደረጋል። የዘይቱ ሙቀትና የቫልቩ ዕድሜ ልኩን ስለሚለውጡት መለኪያው በየጊዜው መታደስ አለበት።

ትርፍ ሽፋን የሌላቸው ቫልቮችም አሉ። ነገር ግን ውድ ናቸው፣ እጅግ ንጹሕ ዘይት ይፈልጋሉ፣ መሃል ላይ ሲቆሙም ጥቂት ዘይት ያሳልፋሉ።

ቶኖችን የሚያነሣ ክንድ ለአፍታ ዝም ብሎ በድንገት ሲነሣ፣ አጠገቡ ለቆመ ሠራተኛ አደጋ ነው። ኦፕሬተሩ በእጁ የሚያውቃትን ያችን ጥቂት ርቀት ማሽኑም በትክክል ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።