አክሊል የተቀዳጀው ሟችና አክሊል የተነፈገው ቡጢኛ

በጥንታዊት ግሪክ የኦሊምፒያ ጨዋታዎች የሕዝብን ቀልብ አጥብቀው ከሚስቡ ውድድሮች መካከል የፍልሚያ ስፖርቶች ይገኙበታል። በጥንት መዛግብት መሠረት ትግል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ708፣ ቡጢ በ688፣ ሁለቱን ያጣመረው ፓንክራቲዮን ደግሞ በ648 ዓመት የጨዋታው አካል ሆነዋል።

የውድድሮቹ ሥርዓት ከዛሬው በእጅጉ ይለያል። ተወዳዳሪዎች በልጆችና በአዋቂዎች ምድብ ይከፈሉ እንጂ በክብደት አይለዩም ነበር፤ ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚወስነውም ዕጣ ነው። በትግል ባላጋራውን ሦስት ጊዜ የጣለ ያሸንፋል። በቡጢና በፓንክራቲዮን ግን ዙርም ሆነ የተወሰነ ሰዓት አልነበረም። ቡጢኞች እጃቸውን በቆዳ ጠፍር ጠምጥመው ይፋለማሉ። በፓንክራቲዮን መምታት፣ መርገጥና ማነቅ ሲፈቀድ፣ መንከስና ዓይን መጎርጎር ክልክል ነው። ፍልሚያው የሚያበቃው አንዱ መቀጠል ሲሳነው ወይም ጣቱን አንሥቶ እጅ ሲሰጥ ነበር። ሕግ የጣሰውን በበትር የሚገርፉ ዳኞችም ከአጠገባቸው አይለዩም።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድኅረ ልደተ ክርስቶስ ግሪክን ተዘዋውሮ የጎበኘው ጸሐፊ ፓውሳንያስ የዚህን ሥርዓት ጥብቅነት የሚያስረዱ ሁለት ታሪኮችን ጽፏል።

የመጀመሪያው የፊጋሊያው አሪኪዮን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ564 ዓመት በተደረገው የፓንክራቲዮን ፍጻሜ ባላጋራው በእግሮቹ ቆልፎ አንገቱን ያንቀዋል። አሪኪዮን በመጨረሻ ኃይሉ የባላጋራውን የእግር ጣት አወለቀ። እርሱ ነፍሱ ስትወጣ፣ ባላጋራው በዚያው ቅጽበት ሕመሙን መቋቋም አቅቶት እጅ ሰጠ። ዳኞቹም የወይራውን አክሊል ለአስከሬኑ ሰጡ።

ሁለተኛው የአስቲፓላያ ደሴት ሰው ክሌኦሜደስ ነው። በቡጢ ፍልሚያ ባላጋራውን የኤፒዳውሮሱን ኢኮስን ገደለ። ዳኞቹ ግን ሕግ ጥሷል ብለው ድሉን ነፈጉት፤ እርሱም በሐዘን አእምሮውን ሳተ።

አንዱ ሞቶ አሸነፈ፤ ሌላው ገድሎ ተሸነፈ። ድል የሚለካው በጉዳቱ ብዛት ሳይሆን በሕጉ ነበርና። ሆኖም ያ ሕግ ማጭበርበርን ቢቀጣም የተፋላሚውን ሕይወት አይጠብቅም ነበር፤ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ተፋላሚው ነው። በዛሬው ቦክስ ዳኛው መከላከል ያቃተውን ተፋላሚ ለማዳን ግጥሚያውን ያስቆማል። አሪኪዮን ይህን ዕድል አላገኘም።